ኳስ ማየት ደበረኝ፣ ምን ነክቶኝ ነው?

ሰላም እህቴ። 38 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የቡናና የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ከኳስ ውጪ ሌላ ፕሮግራም ይዤ አላውቅም፣ የሠርጌ ቀን እንኳ የተቆረጠው የጨዋታ ፕሮግራም ታይቶ ነው። አሁን ግን ዓመት አለፈ፣ ኳስ አልጥመኝ ብሏል። ጨዋታ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ላይ ነኝ። ባለፈው ከቶተንሃም ጋር ስንጫወት ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ የቀሰቀሰችኝ ባለቤቴ ናት። ድሮ እናይበት የነበረው ቤት ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ጓደኞቼም አንዱ እዚያ አንዱ እዚህ ሆነናል፣ የምንገናኘው ቴሌግራም ላይ ነው፣ እዚያም «አርጅተሃል»፣ «ከዳኸን» ይሉኛል። አንዳንዴ ለሙድ ያህል የቤቲንግ ትኬት እቆርጣለሁ፣ እሱም ያው ነው። የገረመኝ ግን አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የ2005ቱን የሱዳን ጨዋታ ዩቲዩብ ላይ ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት፣ እንባዬ ሁሉ መጣ። ሰኞ ቢሮ ስገባ የማወራው የለኝም። በሽታ ነው ወይስ ዕድሜ? ምን ትመክሪኛለሽ?

ቡናማው፣ ከድሮው ካዛንቺስ

በነገራችን ላይ፣ የ7 ዓመት ልጄ የሲቲ ማሊያ ግዛልኝ ብሎኛል፣ እንዴት ልከልክለው?

ሰላም ወንድሜ፣

የቶተንሃሙን እንቅልፍ እንደ ኃጢአት ነው የተናዘዝከው። ተረጋጋ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቅከው ውጤቱን ነው ወይስ እራት? እሱን አልነገርከኝም፣ እኔ ግን ማወቅ የፈለግኩት እሱን ነበር።

ቀልድ የሌለበትን ጥያቄ ላስቀድም። የደበረህ ኳስ ብቻ ነው? ምግብ ይበላልሃል? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ልጅህ ሲስቅ አብረህ ትስቃለህ? ሥራውም፣ ዘፈኑም፣ ሰውም፣ ሁሉ ነገር ጣዕም አጥቶብህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ጉዳዩ ከኳስ አልፏልና ሐኪም ማየት አለብህ። አማኑኤል ሲባል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። እዚያ ግን ብዙው ሰው እንደማንኛውም ሆስፒታል በእግሩ ገብቶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ተራ ጠብቆ፣ ከሐኪም ጋር አውርቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው።

ደብዳቤህን ግን ደግሜ ሳነበው የደነዘዘ ሰው ደብዳቤ አልመሰለኝም። ሌሊት ተነስቶ ዓመታት ያለፉትን ጨዋታ ሙሉውን የሚያይ፣ ውጤቱን እያወቀ እንባው የሚመጣ ሰው ኳስ ሰለቸው ብዬ አላምንም።

እስቲ ያን ቀን እናስታውሰው። ኻርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። ከሜዳ ውጪ ሦስት ስላገባን 2 ለ 0 ይበቃናል። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ሁለት ጎል! ጥቅምት 4 ቀን፣ እሁድ። አንተ ከካዛንቺስ በባምቢስ አድርገህ፣ መስቀል አደባባይን ተሻግረህ በእግርህ ነው የሄድከው ብዬ እገምታለሁ፣ የሰፈራችሁ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሄደው። ካታንጋም ተቀመጥ፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም፣ ጎንህ ያለውን ሰው አታውቀውም። አዳነ ግርማ አገባ። ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ከዚያ በኋላ የማታውቀውን ሰው አንገት አንቀህ ስትጮህ ትዝ ይልሃል። ዩቲዩብ ላይ ያስለቀሰህ እሱ ነው። አንተ ራስህ እዚያ ውስጥ አለህ።

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሆነውን እይ። የአዲስ አበባ ስታዲየም የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) መስፈርት አላሟላም ተብሎ ለእድሳት ተዘጋ። ብሔራዊ ቡድናችን የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሄዶ የሚጫወት ሆነ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ረታን። ግብፅን እኮ ነው! በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 2 አሸንፈናት አባቶቻችን እስከ ዛሬ የሚተርኩላትን ግብፅን። የት ላይ? ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ያን የመሰለ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ከለገሀር እስከ አራት ኪሎ መኪና አያልፍም ነበር። እኛ ግን በቴሌቪዥን አየነው፣ አጨበጨብን፣ እራት በላን።

ክለቦቹም እንደዚያው። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድኖቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው የሚጫወቱበት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚሄዱበት ሆነ። ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ለቴሌቪዥን ስርጭት ይመቻል፣ ለክለቦቹም ገንዘብ አምጥቷል፣ አልክድም። ግን ሸገር ደርቢን፣ የቡናና የጊዮርጊስን ጨዋታ፣ ከሸገር ውጪ ማየት ምን ይሉታል? እሁድ ከሰዓት ማሊያ ለብሰህ ወደ ስታዲየም መውረድ የለመድክ ሰውዬ፣ ቡናህን ሶፋ ላይ ተቀምጠህ እንድታይ ተደረግክ። (እኔ በበኩሌ ጊዮርጊስ ነኝ፣ ስለዚህ ለአንተ ይህን ያህል ማዘኔ በራሱ ውለታ ነው። በ2003 ዋንጫውን ስትወስዱ ያበዳችሁትን እብደትም አልረሳሁም። አንድ ዋንጫ ናት፣ ግን ከተማውን ነቅላችሁት ነበር።)

እና «ምን ነካኝ» ስትለኝ መልሴ ይህ ነው፤ አንተ ከኳሱ አልራቅክም፣ ኳሱ ነው ካጠገብህ የተነሳው።

አርሰናልስ? ትለኛለህ። አርሰናል መቼም ቢሆን ሩቅ ነበር። ልክ ነህ፣ ግን አንተ አርሰናልን ለንደን ሄደህ አላየኸውም። ያየኸው ካዛንቺስ ነው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ የተጻፈ የጨዋታ ሰዓት፣ ሁልጊዜ አንድ ፊደል የተሳሳተ የክለብ ስም። መግቢያ ከፍለህ ትገባለህ፣ ከጣውላ የተመታ አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ትቀመጣላችሁ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ ላብና ሻይ ይሸታል፣ የማንቼዎቹ ወገን በግራ፣ እናንተ በቀኝ። ከኋላ ቆሞ በየደቂቃው ተጫዋች የሚቀይር አንድ አሰልጣኝ ነኝ ባይ አለ። መብራት ሲጠፋ ቤቱ በአንድ ድምፅ ይራገማል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሆነ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሬዲዮ የሰማውን ያስተላልፋል። አንተ ለሃያ ዓመት ምናምን የደገፍከው ይህንን ነው። ቤቱ ፈረሰ። ልጆቹ ሄዱ። ዛሬ ሳሎንህ ውስጥ ከሚያምር ቴሌቪዥን ጋር ብቻህን ተቀምጠህ ድሮ የሚሰማህ ስሜት ለምን አልመጣም ብለህ ትገረማለህ። ባይመጣ ነው እኮ ደጉ፣ ለብቻው ሳሎን ውስጥ ዘሎ የሚጮህ ሰው ነው ይልቅ የሚያሰጋኝ።

ጨዋታው ራሱም በዝቷል፣ ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም። ሻምፒዮንስ ሊጉ ድሮ 32 ቡድን ነበር፣ ምድቡ በ96 ጨዋታ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ 36 ቡድን ሆኖ የመጀመሪያው ዙር ብቻ 144 ጨዋታ አለው። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በ48 ቡድን 104 ጨዋታ ተብሎ የተሰናዳ ነው፣ ኳታር ላይ 64 ነበር። የማንችስተር ሲቲው ሮድሪ እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ላይ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ሊመቱ ተቃርበዋል ብሎ ተናገረ፣ በቀናት ውስጥ በገዛ ራስህ ቡድን ላይ ሲጫወት ጉልበቱ ተበጥሶ ወጣ። ለመጫወት የሚከፈለው ሰው በቃኝ እያለ፣ አንተ ማክሰኞና ረቡዕ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምረህ እስከ 7 ሰዓት አፍጥጠህ፣ ጠዋት ታክሲ ወረፋ ላይ ቆመህ የምትተኛው በማን ዕዳ ነው? ቫሩንም፣ ዳኛውን በቪዲዮ የሚያግዘውን፣ ጨምርበት። እንግሊዝ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ጎል ሲገባ ግማሽ ደስታህን ይዘህ መስመር እስኪሰመር ነው የምትጠብቀው።

አሁን ወደ አንዷ ዓረፍተ ነገርህ ልምጣ። «አንዳንዴ ለሙድ ያህል የቤቲንግ ትኬት እቆርጣለሁ» ብለህ በጎን አሾልከሃታል። ከደብዳቤህ ሁሉ ቆም ያደረገችኝ እሷ ናት።

«አንዳንዴ» ማለት ስንት ነው? ለእኔ አትመልስልኝ። ቴሌብርህን ክፈትና ያለፉትን ሦስት ወራት ደምረው። የሚመጣው ቁጥር ካላስደነገጠህ ጥሩ፣ ይህን ክፍል ዝለለው። ካስደነገጠህ ግን አንብበው።

ትኬት የቆረጠ ሰው ኳስ አያይም። አሥር ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ታስገባለህ፣ ከቡድኖቹ ግማሹን ስማቸውን እንኳ አስተካክለህ አትጠራም። አገሩን ካርታ ላይ የማታገኘው ክለብ ኮርነር እንዲመታ ስለት ትሳላለህ። አርሰናል 1 ለ 0 እየመራ «ሁለቱም ያገባሉ» ብለህ ስለቆረጥክ ሌላኛው ቡድን እስኪያገባ ትጠብቃለህ። አርሰናል ላይ ጎል እንዲገባ የሚጸልይ የአርሰናል ደጋፊ! ከዚያ በኋላ ደግሞ ኳስ ለምን አልጣመኝም ትለኛለህ። ቡድንህ አሸንፎ አንተ የምትናደድበት፣ ተሸንፎ የምትደሰትበት ጊዜ ከመጣ የሚቀረው ደጋፊነት የቱ ነው?

ሒሳቡም ቢሆን የሚያዋጣ አይደለም። እያንዳንዱ ጨዋታ የመሳካት ዕድሉ 80 በመቶ ነው እንበል፣ ማለትም ለአንተ ሁሉም «ሹር» ናቸው። አሥሩ በአንድ ላይ የመሳካት ዕድላቸው 11 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ «አንዷ ጨዋታ አቃጠለችብኝ» የምትለው። አንዷ ማቃጠሏ አይቀርም፣ ቤቲንግ ቤቱም የሚኖረው በእሷ ነው። ላቁም ብለህ ማቆም ካቃተህ፣ ወይ ደግሞ የቤት ብር መነካካት ከጀመረ ለባለቤትህ ዛሬውኑ ንገራት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላል።

ስለዚህ ምክሬ የመጀመሪያው ይህ ነው፣ የሚቀጥለው የውድድር ዓመት እስኪያልቅ አንድም ትኬት አትቁረጥ። አንዳንዴም፣ ለሙድም፣ ለዓመት በዓልም። አፑን ከስልክህ አጥፋ። መጀመሪያ ሰሞን ጨዋታው ይበልጥ ነው የሚደብርህ፣ ይህን ከወዲሁ እወቀው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስሜት፣ ትንሽም ቢሆን፣ እውነተኛው ነው።

የአውሮፓውን ደግሞ ቀንሰው። በግዴታ የምታየውን ሁሉ ተው። በሳምንት አንድ ጨዋታ ምረጥ፣ ሰው ካለ ከሰው ጋር እየው፣ ሰው ከሌለ ተኛ። ውጤቱን ጠዋት ታገኘዋለህ፣ የትም አይሄድብህም።

ከዚያ ሜዳ ሂድ። ቴሌቪዥን አላልኩህም፣ ሜዳ። አበበ ቢቂላ ስታዲየም ምን ጨዋታ እንዳለ ጠይቅ፣ የወጣቶችም ይሁን የሴቶች፣ ታችኛው ዲቪዚዮንም ይሁን፣ ገብተህ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥ። ጃንሜዳ ዙሪያ የሚጫወቱትንም ቆመህ እያቸው። በ2016 ክረምት ማብቂያ ላይ የንግድ ባንክ ሴቶች እዚያው አበበ ቢቂላ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያውን አሸንፈው ለአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ሲያልፉ አንተ የት ነበርክ? ሶፋ ላይ፣ የማታውቀውን ክለብ ኮርነር እየቆጠርክ ነበር ብዬ ብገምት ትቀየመኛለህ? ሜዳ ላይ ድጋሚ ምስል የለም፣ ተንታኝ የለም። ኳሱ ሲመታ ድምፁ ይሰማሃል፣ በረኛው ተከላካዮቹን በእናታቸው ስም ሲጠራ ትሰማለህ። ዘጠና ደቂቃ ስልክህን ሳታወጣ ከቆየህ ምንም እንዳልሆንክ በዚያው ታውቃለህ። ቡና አዲስ አበባ ላይ የሚጫወት ከሆነማ ምን ሰበብ አለህ?

የጓደኞችህ ነገር። «ከዳኸን» የሚሉህን ከልብህ አትውሰደው፣ እነሱም ናፍቀውህ ነው፣ ወንዶች ናፈቅከን ማለት ሲያቅታችሁ እንዲህ ነው የምትሳደቡት። ግን ክርክር ካማራቸው ይህን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 ላይ አርሰናልን ጨምሮ 12 ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ውድድር ሊያቋቁሙ ተስማምተው ነበር። ደጋፊ መንገድ ወጥቶ ሲጮህባቸው ነው ስድስቱ የእንግሊዝ ክለቦች በሁለት ቀን ውስጥ የወጡት። ያኔ ደጋፊውን ማን አማከረው? አንተ ከአርሰናል ጋር በቁርባን አልተጋባህም።

ስለዚህ ቴሌግራሙ ላይ ስለ አሰላለፍ መከራከሩን ተውና እንዲህ ብለህ ጻፍ፣ «ኳስ ኖረም አልኖረም የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ 9 ሰዓት ስታዲየም አካባቢ እንገናኝ።» ሁላችሁም ከተማው ዳር ስለሆናችሁ መሃል ይሻላችኋል፣ ከሁለቱም መስመር የሚመጣው ባቡር እዚያው ያወርዳችኋል። መጀመሪያ ቀን ሁለት ሰው ይመጣል። ቅር አይበልህ፣ ሁለቱ የለጠፉትን ፎቶ ያዩ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ። ከተገናኛችሁ በኋላ አንድ ቤት ገብታችሁ ኳስ ብታዩ እሰየው፣ ስለ ድሮ ሰፈር ስታወሩ ጨዋታው ቢያልፋችሁም እሰየው።

ይህን ሁሉ አድርገህ ምንም ካልመጣልህስ? ያኔ ተወዋ። ሰው ይለወጣል። በ38 ዓመት ቅዳሜ ከሰዓት የተረፈው አባወራ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ታውቃለህ? ባለቤትህን ጠይቃት፣ የምትሠራበት ዝርዝር ሳይኖራት አይቀርም። ሰኞ ቢሮ የምታወራው ካጣህም ዝም ብለህ ስማቸው፣ ኳስ የሚያወራ ሰው የሚፈልገው የሚያዳምጠውን ነው፣ «እና ዳኛውስ?» እያልክ ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ትደርሳለህ።

ግርጌ ላይ «በነገራችን ላይ» ብለህ የጨመርካትን ጥያቄ ልረሳት ነበር። የ7 ዓመት ልጅህ የሲቲ ማሊያ ግዛልኝ ብሎሃል፣ እንዴት ልከልክለው ነው ያልከኝ። አትከልክለው። በ7 ዓመቱ አሸናፊ ቢወድ ምን ይገርማል? እ.ኤ.አ. በ2004 አርሰናል አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን ሲበላ በአንድ ክረምት አርሰናል የሆነውን የአዲስ አበባ ልጅ ብዛት እኔም አንተም እናውቀዋለን። ማሊያውን ግዛለት፣ ግን ሜዳ ስትሄድ ይዘኸው ሂድ፣ የአገር ቤቱን ክለብ እዚያው አይቶ ራሱ ይምረጥ። ጊዮርጊስን ከመረጠ አደራህን እንዳትቆጣው። ለእኔ ጻፍልኝ፣ ማሊያውን እኔ እገዛለታለሁ።